ብሪን «ይብቃሽ» አትበሏት

«ሦስት ወር ሆኗት እኮ! አሁንም እያለቀሰች ነው?»

ይህን ያለችኝ የማከብራት ጓደኛዬ ናት። ከእኔ በላይ ታነባለች፣ ብዙ ጊዜም ከእኔ በላይ ይገባታል። የምታወራው ስለ ብሪ ማቲውስ ነው። ብሪ የ16 ዓመት ልጅ ናት፤ እናቷ በመኪና አደጋ ሞታባታለች። በእውኑ ዓለም የለችም። የምትኖረው አሜሪካዊቷ ትሬሲ ዴዎን እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተመችው «ሌጀንድቦርን» በተባለው ልቦለድ ውስጥ ነው። እንደዚያም ሆኖ ጓደኛዬ እንዲህ ስትል ደሜ ፈላ። ሰው ላልተፈጠረ ሰው ይቆጣል ወይ? እኔ ተቆጥቻለሁ። ይህን የምጽፈውም ቁጣው እስካሁን ስላልወጣልኝ ነው።

መጽሐፉ እኛ ጋ የደረሰው በአንድ ቅጂ ብቻ ነው፤ የአንዳችን አክስት ከአሜሪካ ስትመጣ በሻንጣ ይዛው መጣች። ለስድስት ጓደኛሞች ዞረ። ወደ እኔ ሲመለስ ጀርባው ተሰነጣጥቋል፣ አንዱ ገጽ ላይ የሻይ ብርጭቆ ክብ ታትሞበታል፣ አብረውትም አምስት አስተያየቶች መጡ። «ቀርፋፋ ነው።» «ልጅቷ ታናድዳለች።» «ሲቲ ኦፍ ቦንስን ነው የገለበጠችው።» «ጥንቆላ ነው።» «የጥቁርና የነጭ ጣጣ ነው፣ እኛን አይመለከትም።» ሌላ አገር ያሉ የመጽሐፉ አንባቢዎችም ከእነዚህ አንዳንዶቹን ይላሉ፤ አንዳንዶቹ ግን ከዚሁ ከእኛው ሰፈር የተገኙ ናቸው።

እኔ ደግሞ የምለው አንድ ነገር ነው። አምስቱም አስተያየቶች የተለያዩ ይመስላሉ እንጂ ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ ልጅቷ የምታስታውሰውን እንድትረሳ ይጠይቃሉ። መጽሐፉ ደግሞ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የተጻፈው ይህንኑ ጥያቄ እምቢ ለማለት ነው።

ከዚህ በኋላ የመጽሐፉን ሚስጥር እናገራለሁ፣ መጨረሻውንም ጭምር። ያላነበባችሁና ማንበብ የምትፈልጉ እዚህ ጋ ብታቆሙ አልቀየምም።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ብሪ እናቷ ከሞተች በኋላ ቻፕል ሂል ወደሚገኘው የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ትሄዳለች፤ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ቀድመው የኮሌጅ ትምህርት በሚወስዱበት ፕሮግራም። ከእናቷ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ ያወሩት በዚሁ ጉዳይ ተጣልተው ነው፤ ሳታስፈቅዳት ነበር ያመለከተችው። ገና በደረሰችበት ምሽት ጫካ ውስጥ ካለ ግብዣ ላይ ሰው የማያየውን አውሬ ታያለች። አውሬውን የሚያድነው ሴልዊን የሚባል ልጅ ዓይኗን እያየ «ያየሽውን ርሺ» ብሎ ያዝዛታል። ይህ ጥበብ መጽሐፉ ውስጥ «ሜዝመር» ይባላል፤ እኔ «ማስረሻ» እለዋለሁ። ሌላው ሰው ሁሉ ይረሳል። ብሪ ላይ ግን አይሠራም። በዚያው ቅጽበት ሌላ ነገር ትዝ ይላታል፤ እናቷ በሞተችበት ሌሊት ሆስፒታል ውስጥ አንድ ሰው እሷና አባቷ ላይ ይህንኑ ሠርቶባቸው ነበር።

እና ትነሣለች። የንጉሥ አርተር ባላባቶች ዘር ነን የሚሉ ሰዎች ካቋቋሙት የሚስጥር ማኅበር ውስጥ ሰርጋ ትገባለች። ዓላማዋ ዓለምን ማዳን አይደለም፣ ጀግና መሆንም አይደለም። እናቴን በተመለከተ ምን ደበቃችሁኝ? በቃ፣ ጥያቄዋ ይህ ነው።

አሁን ወደ ክሶቹ እንሂድ።

«ቀርፋፋ ነው፣ ልጅቷም ታናድዳለች»

ሁለቱን አንድ ላይ የማነሣቸው አንድ ስለሆኑ ነው። «ቀርፋፋ» የሚሉትን ሰዎች የትኛው ክፍል እንደሰለቻቸው ስጠይቅ የውጊያውን ክፍል አይሉኝም። የሚያሳዩኝ ብሪ ብቻዋን ተቀምጣ ስለ እናቷ የምታስብበትን፣ ከአባቷ ጋር በስልክ የምታወራበትን፣ የሥነ ልቦና ሐኪም ፊት ቁጭ ብላ አልናገርም የምትልበትን ነው። «ታናድዳለች» የሚሉት ደግሞ የቅርብ ጓደኛዋ አሊስ ላይ ስትጮህ፣ የማትፈታውን ነገር በግንባሯ ስትገጨው ያዩዋት ናቸው።

እንግዲህ የራሴን ልናገር። እናቴ የሞተችው ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ ነው። ሰልስቱ እንዳለፈ «ትምህርትሽ እንዳይበላሽ» ተባልኩ። አርባዋ ሳይወጣ ፈተና ላይ ተቀምጬ ነበር። ሁሉም «ጎበዝ፣ ጠንካራ ልጅ» አለኝ። ሦስተኛው ወር ላይ የዶርም ጓደኛዬ ጆጌን ሳታስፈቅደኝ ውሃ ልትቀዳበት ወሰደችው። የጮኽኩባትን ጩኸት ኮሪደሩ ሙሉ ወጥቶ አየኝ። የ80 ብር ጆግ ነው እኮ! ግን እናቴ ነበረች የገዛችልኝ፤ መርካቶ አብረን ሄደን፣ ቀለሙን እኔ መርጬ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። የዶርም ጓደኛዬ እስከ ዛሬ ክፉ ሰው አድርጋ ታውቀኝ ይሆናል። ከውጭ ላየኝ ሰው ያኔ ምን እመስል ነበር? አናዳጅ። ቀርፋፋ። ሁለቱንም።

ብሪ ራሷን ለሁለት ከፍላ ትጠራለች፤ ከእናቷ ሞት በፊት የነበረችው ብሪ እና ከዚያ በኋላ ያለችው ብሪ። የኋለኛዋ አደገኛ ስለሆነች ታስራት ልትኖር ትሞክራለች። ጓደኛዬ «የማይመስል ነገር» ያለችው ይህንን ነው። እኔ ደግሞ መጽሐፉን ዘግቼ መስኮት ሳይ የቆየሁት እዚሁ ገጽ ላይ ነው።

የእኛ ባህል ለሐዘን የቀን መቁጠሪያ አለው። ሰልስት፣ ሰባት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት። ይህን መቁጠሪያ አልንቅም፤ ሰው እንዳይወድቅ የሚደገፍበት ዱላ ነው። ችግሩ የሚመጣው ሰማንያው ሲወጣ ሐዘኑም አብሮ የወጣ ሲመስለን ነው። ድንኳኑ ፈርሶ፣ የዕድር ወንበር ተመልሶ፣ ሰው ወደ ቤቱ ሲሄድ «በቃ፣ ቻይው እንግዲህ» ይባላል። ተረቱም ይህንኑ ያግዛል፦ የሞተ ተጎዳ።

ግን ቋንቋችን ከእኛ ይልቅ ብልህ ነው። ከሐዘን በኋላ ለሚወለድ ልጅ ምን ስም እናወጣለን? ማስረሻ። መርሻ። ካሳ። ምትኩ። እስቲ አስቡት። ልጁ «ማስረሻ» ተብሎ በተጠራ ቁጥር ቤተሰቡ የረሳው መስሎ የሚያስታውሰው ሰው አለ። ስሙ ራሱ የማይዘጋ የሐዘን መዝገብ ነው። አያቶቻችን መርሳት እንደማይቻል ስላወቁ፣ መርሳትን ስም አድርገው በየቀኑ ይጠሩታል።

ስለዚህ «ሦስት ወር ሆኗት እኮ» ለምትለው ጓደኛዬ መልሴ ይህ ነው። አንቺ ልጅቷን የምትጠይቂያት ሴልዊን ጫካ ውስጥ የጠየቃትን ነው። ርሺና ታሪኩ ይቀጥል። ልዩነቱ ሴልዊን በአስማት መሞከሩ፣ አንቺ ገጽ በመዝለል መሞከርሽ ብቻ ነው። ብሪ ሐዘንተኛ ባትሆን ማስረሻው አይሰብራትም ነበር ወይ? ይሰብራት ነበር፤ ምሽቱንም ረስታ ትተኛ ነበር፣ መጽሐፉም በዚያው ያልቅ ነበር። ሐዘኑ ታሪኩን አላዘገየውም። ታሪኩን የሚነዳው ሞተር ራሱ ሐዘኑ ነው።

«ሲቲ ኦፍ ቦንስን ነው የገለበጠችው»

ይህኛው ክስ ቢያንስ ካነበበ ሰው የመጣ ነው። የካሳንድራ ክሌር «ሲቲ ኦፍ ቦንስ» እ.ኤ.አ. በ2007 ወጣ፤ የብዙዎቻችን የመጀመሪያው አርባን ፋንታሲ እሱ ነው። ማለትም አስማቱ በሩቅ መንግሥት ሳይሆን በምናውቀው ዓይነት ከተማ፣ ከአስፋልቱና ከመብራቱ ሥር የሚኖርበት ልቦለድ። መመሳሰሉን አልክድም። እዚያም ወጣት ልጅ አለች፣ ክላሪ። እዚያም ሌላው የማያየውን ታያለች፤ ኒው ዮርክ፣ የጭፈራ ቤት ውስጥ። እዚያም አጋንንት አዳኝ ማኅበር አለ፣ ቆንጆና ባለጌ ልጅ አለ፣ የእናት ጉዳይ አለ። አልፎ ተርፎ የተሰረዘ ትዝታም አለ።

ግን እስቲ ትዝታውን ማን እንደሰረዘው እንይ። የክላሪን ትዝታ ያዘጋችው የገዛ እናቷ ናት። ልጇን ከክፉ ዓለም ለመሸሸግ ብላ፣ አስማተኛ ከፍላ፣ በፍቅር። የብሪን ትዝታ የነካው ማኅበሩ ነው። ለእሷ አዝኖ ሳይሆን ለራሱ ሚስጥር ፈርቶ። አንደኛው የእናት ስስት ነው፣ ሁለተኛው የተቋም ልማድ። ሁለቱ አንድ ናቸው የሚለኝ ሰው እናቱ የደበቀችበትን ነገርና ቀበሌ የደበቀበትን ፋይል አንድ ነው ይበለኝ።

ሌላም አለ። የክላሪ እናት ትተኛለች፤ በሦስተኛው ቅጽ ትነቃለች። የብሪ እናት ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ሞታለች፣ አትነቃም። አንባቢ ግን ፋንታሲ ስለለመደ «መቼም ትመለሳለች» እያለ ይጠብቃል። እኔም ጠብቄያለሁ። ዴዎን መጽሐፉን የጻፈችው የራሷን እናት በሞት ካጣች በኋላ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ አንባቢን ልታታልል አልፈለገችም። አስማት ያለበት ዓለም ሠርታ፣ አስማቱ የማይደርስበትን አንድ ቦታ ከልላ አስቀመጠችው። ይህ ግልበጣ ከሆነ የገለበጠችው የተለመደውን ነገር ላዩን ወደ ታች ነው።

«ጥንቆላ ነው»

ይህን ያለው ልጅ መጽሐፉን ሳይጨርስ መለሰልኝ። የት ጋ እንዳቆመ ጠየቅሁት። ብሪ ከሐኪሟ ከፓትሪሺያ ጋር ወደ መቃብር ስፍራ ሄዳ አያቶቿን የምትጠራበት ቦታ ላይ ነው። እኔም አማኝ ነኝ፤ በሰው እምነት አልቀልድም። ግን አንድ ነገር ጠየቅሁት። «እዚያ እስክትደርስ ከ200 በላይ ገጽ አንብበሃል አይደል? ሜርሊን አለ፣ ከአየር ሰይፍ መፍጠር አለ፣ የሞቱ ባላባቶች መንፈስ ልጅ ልጆቻቸው ላይ የሚነቃበት አለ። ያኔ ለምን አላቆምክም?»

«እሱማ ፋንታሲ ነው» አለኝ።

መልሱ ይህ ነው! የእንግሊዝ ንጉሥ መንፈስ ሲነቃ ፋንታሲ፣ የጥቁር ሴት አያት ስትጠራ ጥንቆላ። ጓደኛዬ ክፉ ሰው አይደለም፤ ያደግንበትን ነው የተናገረው። በፊልም ያየነው አስማት ቆብ አለው፣ በትር አለው፣ የላቲን ቃል አለው። እኛው ዘንድ ያለው ደግሞ «ሥር ማሽ፣ ቅጠል በጣሽ» ተብሎ ስድብ ሆኖ ቀርቷል። ልብ በሉ፣ የብሪ የእናት ወገን ጥበብ መጽሐፉ ውስጥ ስሙ «ሥር» ነው። ለአማርኛ አንባቢ ይህ ቃል እንግዳ አይደለም፤ ሆድ ሲቆርጠን ፌጦና ጤናዳም ካቀመሱን፣ ሥሩን ከጓሮ ቆፍረው ከሚያውቁ አሮጊቶች ጋር አድገናል። ከማንም አንባቢ ቀድመን ሊገባን ይገባ የነበረው ይህ ክፍል ነው። እኛ ግን እሱ ላይ ነው የዘጋነው።

ደግሞ መጽሐፉ ሁለቱን ጥበቦች እኩል አድርጎ አላስቀመጣቸውም፣ እየመዘናቸው ነው። ሥር ያላቸው ሴቶች ኃይልን ከአያቶቻቸው ለምነው ይዋሳሉ፣ ሥራቸው ሲያልቅም ይመልሳሉ። የባላባቶቹ ዘሮች ወስደው በደማቸው ያቆዩታል። ፓትሪሺያ ለዚህኛው ስርቆት እንጂ ጥበብ የሚል ስም አትሰጠውም። ሥነ ምግባር የሚያሳስበው አንባቢ ሊከራከርበት የሚገባው ጥያቄ እዚህ ጋ ነበር። ተውሶ መመለስ ይሻላል ወይስ ወርሶ መያዝ? ጓደኛዬ ጥያቄው ላይ ሳይደርስ መጽሐፉን መለሰው።

«እኛን አይመለከትም»

ከሁሉም የከበደኝ ይህኛው ነው፤ የጨዋ አንባቢ መልስ ስለሚመስል። «የእነሱ ታሪክ ነው። እኛ በቅኝ አልተገዛንም፣ ዘረኝነቱም የነጭና የጥቁር ነው፣ ምን አገባን?»

ማኅበሩ ቤት ውስጥ አንድ ግድግዳ አለ፤ የባላባቶቹ የዘር ሐረግ ከጥንት ጀምሮ እስከ ዛሬዎቹ ልጆች ድረስ ሳይቋረጥ የተሣለበት። ብሪ ፊቱ ቆማ የራሷን ታስባለች። የእሷ ሐረግ ጥቂት ትውልድ ቆጥሮ ይቆማል። ይህ የደራሲ ፈጠራ አይደለም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. የ1850 እና የ1860 ቆጠራዎች ባርያ ተደርገው የተያዙ ሰዎችን የመዘገቡት በጌታቸው ስም ሥር ነው፤ ዕድሜ፣ ጾታ፣ ቀለም ብለው፣ ከጥቂቶች በቀር ያለ ስም። ስማቸው እንደማንኛውም ሰው በቆጠራ የሰፈረው በ1870 ነው። ዛሬ ዘራቸውን የሚፈልጉ ጥቁር አሜሪካውያን ብዙዎቹ እዚያች ዓመት ላይ ከግድግዳ ጋር ይጋጫሉ። አንዱ ወገን የሐረጉን ግድግዳ ያጌጥበታል፤ ሌላው ግድግዳው ይመታዋል።

እውነተኛው የቻፕል ሂል ግቢ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2005 የተመረቀ ሐውልት አለ። ዩኒቨርሲቲውን በጉልበታቸው ለገነቡ ባርያ ለነበሩና ነጻ ለነበሩ ጥቁሮች መታሰቢያ ነው። ክብ የጥቁር ድንጋይ ጠረጴዛ ነው፤ ጠረጴዛውን ተሸክመው የቆሙት 300 ትናንሽ የነሐስ ሰዎች ናቸው። መቀመጫም ስላለው፣ ሰው ምሳውን የሚበላበት መታሰቢያ ሆነ ተብሎ ተወቅሷል። እንግዲህ ዴዎን የክብ ጠረጴዛን ባላባቶች ታሪክ አምጥታ የተከለችው እዚህ ግቢ ነው። ጠረጴዛው ላይ ማን ይቀመጣል፣ ከሥር ማን ይሸከማል? መጽሐፉ 500 ገጽ ያህል የፈጀው ይህን ለመመለስ ነው።

መልሱም ይመጣል። የአርተር ዘር ተብሎ በእንክብካቤ ያደገው ነጩ ልጅ ኒክ የአርተር ዘር አይደለም። የአርተር ዘር ብሪ ናት። ምክንያቱም ከአያቶቿ አንዷ ቬራ የአንድ የአርተር ዘር ባርያ ነበረች፤ ሰውየው ደፈራት፣ አርግዛ አመለጠች፣ ልጇን ለማትረፍ አያቶቿን ለመነች። አንዳንድ አንባቢ ይህን «የተመረጠችው ልጅ፣ የተለመደ ነገር» ይለዋል። እንዴት? የተለመደችው የተመረጠች ልጅ ዘውዷን ስታገኝ ደስ ይላታል። ብሪ ዘውዷን ያገኘችው በወንጀል በኩል ነው። የሚከብራት ደምና የደፈራት ደም አንድ ነው። ሰይፉን ስትነቅል አጨበጨብኩ፣ ወዲያው እጄ ከበደኝ።

አሁን ወደ እኛ። እኛ ነን ዘር የማይመለከተን? በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው የንጉሠ ነገሥቱ ሕገ መንግሥት ዙፋኑ ሳይቋረጥ ከንጉሥ ሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ ልጅ ከቀዳማዊ ምኒልክ በመጣ ዘር እንደሚጸና በአንቀጽ ያሰፈረ አገር ልጆች ነን። ከእንግሊዞቹ አርተር በፊት የራሳችን የሐረግ ግድግዳ ነበረን። ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት እንቆጥራለን። ሲቆጠር ግን የማን ስም ይወጣል? የአባት፣ የአያት፣ የቅድመ አያት። እናቶቹ የት ገቡ? እኔ የአባቴን ወገን እስከ ሰባት እጠራለሁ፤ የእናቴን እናት እናት ስም አላውቅም። የሚነግረኝ ሰው ደግሞ ሞታለች።

ባርነትስ? በአዋጅ የተከለከለው በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነው። ቅድመ አያቶቻችን የኖሩበት ዘመን ነው፣ ተረት አይደለም። ቃሉም አልሞተም፤ ሰው ቀለሙ ጠቆር ስላለ ብቻ ዛሬም ይሰደብበታል፣ ሽማግሌ ሲላክ «ዘሩ ይጣራ» ተብሎ በሹክሹክታ ይጠየቅበታል። ደግ ልጅን የምናመሰግንበት «ጨዋ» የሚለው ቃል እንኳ በድሮ አገባቡ ባርያ ያልሆነ፣ ነጻ የተወለደ ማለትም ነበር። ከላይ «የጨዋ አንባቢ መልስ» ብዬ ስጽፍ እኔም ሳላስበው ተጠቀምኩበት። እንዳጠፋው ፈልጌ ነበር፣ ግን ይቆይ። እንዴት እንደሚረሳ ያሳያል።

ስለዚህ «እኛን አይመለከትም» የሚለው አስተያየት ስለ መጽሐፉ የሚነግረን የለም። ስለ እኛ ነው የሚነግረን። አንድ ሰው ዓይናችንን እያየ ርሱ ብሎናል፣ እኛ ላይ ግን ሠርቷል።

እንዳልዋሽ

መጽሐፉ እንከን የለውም አላልኩም። ስያሜው ይበዛል፤ ማዕረጉ፣ የአውሬው ዓይነት፣ የመሐላው ዓይነት፣ የባላባቱ ቤት። እኔም ከመጽሐፉ ኋላ ወረቀት ሰክቼ ማን ምን እንደሆነ ስጽፍ ነበር። በዚህ የተማረረ አንባቢ እውነት አለው። በሁለት ወንዶች መካከል የመወላወሉ ነገርም እንደ ልማድ የገባ የሚመስልበት ቦታ አለ፤ አንባቢው ግማሹ የኒክ ደጋፊ፣ ግማሹ የሴልዊን ደጋፊ ሆኖ እንደ ጊዮርጊስና ቡና ሲከራከር የልጅቷ እናት ትረሳለች። መጨረሻው ላይ ደግሞ ሚስጥሩ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ስለሚፈታ ለማዘን ጊዜ አይሰጥም። እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካ ለአዲስ ደራሲ የሚሰጠውን የኮሬታ ስኮት ኪንግ - ጆን ስቴፕቶ ሽልማት ማግኘቱ ከነዚህ ነቀፋዎች አያድነውም። ሽልማት ክርክር አይዘጋም።

እንደዚህ ያለ ነቀፋ እወዳለሁ፤ መጽሐፉን ይዞ ነው የሚነቅፈው። የማልወደው መጽሐፉን ትቶ ልጅቷን የሚነቅፈውን ነው። «አልወደድኳትም» ማለት መብት ነው። ግን አንድ ጥያቄ ጨምሩበት፦ ያልወደድኳት ምን ስላደረገች ነው? ስለዋሸች? ሰው ስለጎዳች? ወይስ ማዘኗን እኔ በፈለግኩት ቀን ስላላቆመች? መልሱ ሦስተኛው ከሆነ ችግሩ ብሪ ጋ አይደለም። ነገ አጠገባችሁ ያለችው የዶርም ጓደኛችሁ ላይም ትደግሙታላችሁ። ልቦለድ ላይ የተለማመድነው ትዕግሥት ነው ሰው ላይ የሚወጣው፤ ትዕግሥት ማጣቱም እንዲሁ።

ያቺ የመጀመሪያዋ ጓደኛዬ ይህን ጽሑፍ ሳላወጣው አንብባዋለች፤ ሳላሳያት ስሟን ሳልጠራም ቢሆን ማማት አልፈለግኩም። ዝም ብላ ጨረሰችውና «የጆጉን ነገር ለምን አልነገርሽኝም?» አለችኝ። አምስት ዓመት ተዋውቀናል።

«አልጠየቅሽኝማ» አልኳት።

መጽሐፉን መልሳ ወስዳዋለች። የዘለለቻቸውን ገጾች ልታነብ።